ምርመራው በማን ድምፅ ይከፈታል? የአሜሪካ ምክር ቤት ባለሥልጣን የሚከስበት መንገድ ታሪክ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱን፣ ምክትሉን፣ የፌዴራል ዳኞችንና ሌሎች ሲቪል ሹማምንትን የመክሰስ ሥልጣን የሰጠው ለተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነው። ኢምፒችመንት የሚባለው ይህ ክስ ሹሙን ከወንበሩ አያነሳውም፤ ለፍርድ ያቆመዋል እንጂ። ፍርዱን የሚሰጠው ሴኔት ሲሆን፣ ጥፋተኛ ለማለት ከተገኙት ሴናተሮች የሁለት ሦስተኛው ድምፅ ያስፈልጋል። ክሱ በሙሉው ምክር ቤት ድምፅ መጽደቅ እንዳለበት ማንም አይጠራጠርም። ክርክሩ ከዚያ አንድ እርምጃ ቀድሞ ባለው ነገር ላይ ነው። ምስክር የሚጠራበት፣ ሰነድ የሚጠየቅበት፣ ቃል የሚሰጥበት ምርመራ የሚከፈተው በማን ፈቃድ ነው? እንደራሴዎቹ በሙሉ ድምፅ ካልሰጡበት ምርመራው ከሕገ መንግሥት ውጪ ይሆናል? ወይስ አፈ ጉባዔው ወይም አንድ ኮሚቴ ሊጀምረው ይችላል?

ጥያቄው የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ቢመስልም የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይደለም። ምርመራው ሕጋዊ ካልሆነ መጥሪያው አይጸናም፤ መጥሪያው ካልጸና ፕሬዚዳንቱ ሰነዱን ቢከለክል ወይም ሹሞቹ ቃል እንዳይሰጡ ቢያዝ ጥፋት አይሆንበትም። ስለዚህ ነገሩ ሕዝብ የሾመውን ሰው ሕዝብ ራሱ እንዴት ይጠይቀዋል የሚለውን የሚነካ ነው። መልሱ ደግሞ በአንድ ቀን አልተሰጠም። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ በተከማቸ ልማድ፣ ደብዳቤና ክርክር ውስጥ መፈለግ አለበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

መነሻው እንግሊዝ አገር ነው። በ1376 የእንግሊዝ ፓርላማ የንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ ባለሟል የነበረውን ዊልያም ላቲመርን ከሶ ለፍርድ አቆመው። ንጉሡን መክሰስ የማይታሰብ ስለነበር ክሱ ያረፈው በሹሙ ላይ ነበር። አራት መቶ ዓመት አልፎ፣ በ1787 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች ፊላደልፊያ ላይ ሲሰበሰቡ፣ ይኸው ፓርላማ በሕንድ የእንግሊዝ ገዢ የነበረውን ዋረን ሄስቲንግስን ለፍርድ ለማቅረብ እየተሰናዳ ነበር። አርቃቂዎቹ የሄስቲንግስን ነገር ያውቁ ነበር፤ የቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰንም በስም ጠቅሶታል። አሜሪካውያኑ ያመጡት አዲስ ነገር የአገሩን መሪ ራሱን ከክስ በታች ማድረጋቸው ነው። በዕድሜ የገፋው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጁላይ 20 በተደረገው ውይይት ላይ፣ ሕጋዊ የክስ መንገድ በሌለበት ቦታ ሕዝብ መጥፎ መሪን የሚገላገለው በግድያ መሆኑን አስታወሰ። ሕጉ ጥፋተኛውን የሚቀጣበት፣ ንጹሑን ደግሞ ስሙን የሚያጠራበት መንገድ ሊኖር ይገባል የሚል ነበር አሳቡ።

ሴፕቴምበር 8 ቀን ሜሰን ለክስ ከሚያበቁት ጥፋቶች መካከል መጥፎ አስተዳደር የሚል እንዲጨመር ጠየቀ። ጄምስ ማዲሰን ቃሉ ልቅ ነው፣ ፕሬዚዳንቱን የሴኔት ጥገኛ ያደርገዋል ብሎ ተቃወመ። በመጨረሻም አገር መክዳት፣ ጉቦና ሌሎች ከፍተኛ ወንጀሎችና ጥፋቶች የሚለው ጸና። ለክስ ስለሚያበቃው ጥፋት ይህን ያህል የተጨነቁት ሰዎች ምርመራው እንዴት እንደሚጀመር አንድ መስመር አልጻፉም። በሰነዱ ውስጥ ምርመራ የሚል ቃል በዚህ ቦታ የለም፤ ኮሚቴ የሚልም የለም። ያለው አንድ ሌላ አንቀጽ ነው፤ እያንዳንዱ ምክር ቤት የራሱን አሠራር ደንብ ራሱ ያወጣል ይላል። ክርክሩ ሁሉ የበቀለው በዚህ ዝምታና በዚህ አንቀጽ መካከል ነው።

ለኋላው ክርክር የመጀመሪያውን ጥሬ ዕቃ ያቀበሉት ጆርጅ ዋሽንግተን ናቸው። በማርች 1796 የተወካዮች ምክር ቤት ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን የጄይ ውል የሚመለከቱ የድርድር ወረቀቶች እንዲቀርቡለት በ62 ለ37 ድምፅ ጠየቀ። ዋሽንግተን ከለከሉ። ውል የማጽደቅ ሥልጣን የሴኔት ነው፤ እነዚህ ወረቀቶች ለተወካዮች ምክር ቤት ሊያስፈልጉ የሚችሉት ለክስ ከሆነ ብቻ ነው፤ ውሳኔያችሁ ግን ይህን ዓላማ አልገለጸም ብለው መለሱ። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ትንሽ ብትመስልም ብዙ ዘመን ተሻግራለች። በፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የመጀመሪያ ክስ ወቅት የእሳቸው ወገን፣ ምክር ቤቱ ለክስ መርማሪ ሆኖ ሲነሳ ዓላማውን በራሱ አንደበት መናገር አለበት ለሚለው ክርክሩ ከጠራቸው ምስክሮች አንዷ እሷ ነበረች። ዋሽንግተን ግን ድምፅ ካልተሰጠ አይሆንም አላሉም፤ ዓላማው ይነገር ነው ያሉት። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማንበብ ከደብዳቤው በላይ መሄድ ነው።

ከዓመት በኋላ የመጀመሪያው ክስ መጣ። የቴነሲው ሴናተር ዊልያም ብላውንት በስፔን እጅ የነበሩትን ግዛቶች እንግሊዝ እንድትይዝ ሲያሴር በጻፈው ደብዳቤ ተያዘ። ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ደብዳቤውን ለኮንግረስ ላኩት፤ ጁላይ 7 ቀን 1797 ምክር ቤቱ ከሰሰው፤ በማግሥቱም ሴኔት ከአባልነት አባረረው። ኮሚቴ ተቋቁሞ ምስክር መስማትና ወረቀት ማሰባሰብ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዝርዝር ክሱም የተጻፈው በ1798 መጀመሪያ ነው። በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያው ኢምፒችመንት ክሱ ቀድሞ ምርመራው የተከተለበት ነበር ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀው ትውልድ ገና በሕይወትና በሥልጣን ላይ ሳለ የሆነ ስለሆነ፣ ቅደም ተከተሉን እንደ ሕግ የሚያዩ ሰዎች ይህን ሊዘሉት አይገባም።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ መልክ ያዘ። በጃንዋሪ 1804 የቨርጂኒያው ጆን ራንዶልፍ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛው የሳሙኤል ቼዝ አካሄድ እንዲመረመር ጠየቀ፤ ምክር ቤቱም ድምፅ ሰጥቶ ኮሚቴ ሾመ። ቼዝ ተከሰሰ፤ በማርች 1805 በሴኔት ነጻ ወጣ። በ1843 ደግሞ የቨርጂኒያው ጆን ቦትስ ፕሬዚዳንት ጆን ታይለርን የሚመረምር ኮሚቴ እንዲቋቋም ያቀረበውን ሐሳብ ምክር ቤቱ በ127 ለ83 ጣለው፤ ነገሩም እዚያው ቀረ። እንግዲህ የሙሉው ምክር ቤት ድምፅ በሩን ሊከፍትም ሊዘጋም እንደሚችል ታየ። ይሁን እንጂ ብቸኛው በር እሱ አልነበረም። ቶማስ ጀፈርሰን ከጻፉትና እስከ ዛሬ ከምክር ቤቱ ደንብ ጋር አብሮ ከሚታተመው ማኑዋል ጎን ያለው ማብራሪያ፣ ክስ ሊጀመርባቸው የሚችሉ መንገዶችን ይዘረዝራል። አንድ አባል ከመቀመጫው ተነሥቶ ሲከስ፣ አቤቱታ ሲቀርብ፣ ፕሬዚዳንቱ መልእክት ሲልኩ፣ የክፍለ ግዛት ምክር ቤት ወይም ግራንድ ጁሪ ጉዳዩን ሲያስተላልፍ፣ ወይም አንድ ኮሚቴ በምርመራው የደረሰበትን ሲያቀርብ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው የፕሬዚዳንት ክስ በአንድሩ ጆንሰን ላይ ደረሰ። አብርሃም ሊንከን ከተገደሉ በኋላ ወንበሩን የወረሱት ጆንሰን፣ ከርስ በርሱ ጦርነት ማግሥት ነጻ የወጡትን ጥቁሮች መብት በሚመለከት ከኮንግረሱ ጋር በየቀኑ ይጋጩ ነበር። ጃንዋሪ 7 ቀን 1867 የኦሃዮው ጄምስ አሽሊ በምክር ቤቱ ተነሥቶ ጆንሰንን ከሰሳቸው፤ የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴም ምስክር እየጠራና ወረቀት እያስቀረበ እንዲመረምር በ107 ለ39 ተወሰነ። ኮሚቴው ወራት ፈጅቶ መረመረ። በኖቬምበር በአምስት ለአራት ድምፅ ክስ ይመስረት አለ፤ ዲሴምበር 7 ቀን ግን ሙሉው ምክር ቤት በ108 ለ57 ውድቅ አደረገው። በደንቡ፣ በተፈቀደለት ሥልጣን፣ ምስክር ሰምቶ የተሠራው ምርመራ ክስ አልወለደም።

ክስ የወለደው ጥድፊያ ነው። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1868 ጆንሰን የጦር ሚኒስትሩን ኤድዊን ስታንተንን ያለ ሴኔት ፈቃድ ሻሩ። ስታንተን አልወጣም አለ፤ ቢሮው ውስጥ ራሱን ዘግቶ ተቀመጠ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 24፣ ዋሽንግተን ከተማ በበረዶ ተሸፍና ሳለ የምክር ቤቱ ሰገነት በተመልካች ተጨናንቆ ነበር። የክሱ አንቀሳቃሽ ታዴየስ ስቲቨንስ በሕመም ከመድከማቸው የተነሳ ወደ አዳራሹ የሚገቡት በወንበር ላይ በሰው ተይዘው ነበር። የመዝጊያውን ንግግር ቆመው ማንበብ ጀመሩ፤ ድምፃቸው ከዳቸው። ቀሪውን ወረቀት የምክር ቤቱ ጸሐፊ ኤድዋርድ ማክፈርሰን ተቀብሎ አነበበላቸው። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ፤ 126 ለ47። ዝርዝር ክሱ የተጻፈው ከዚህ በኋላ ነበር። በሴኔት ጆንሰን በአንድ ድምፅ ልዩነት ተረፉ፤ 35 ሰዎች ጥፋተኛ ሲሉ 19 አይደሉም አሉ፤ የሚያስፈልገው 36 ነበር። ስቲቨንስ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሞቱ።

ከዚህ በኋላ ላለው አንድ ምዕተ ዓመት ለክስ የሚደረጉ ምርመራዎች በአብዛኛው በሙሉው ምክር ቤት ውሳኔ ይከፈቱ ነበር፤ ምክንያቱን ማወቅ ለጉዳዩ ቁልፍ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ የምክር ቤቱ ኮሚቴዎች በራሳቸው ሰው የማስገደድ ሥልጣን አልነበራቸውም። ምስክር በግድ ማቅረብ፣ ወረቀት በግድ ማስረከብ ሲፈልጉ ወደ ሙሉው ምክር ቤት ሄደው በውሳኔ ሐሳብ ፈቃድ መቀበል ነበረባቸው። ይህ ለኢምፒችመንት ብቻ የተደነገገ አልነበረም፤ ለማንኛውም ከባድ ምርመራ ያገለግል ነበር። ድምፁ የተለመደው መጥሪያ የማውጣት ሥልጣን ከዚያ በቀር ስለማይገኝ ነው። ልማዱን ከሕገ መንግሥት ቃል ጋር ማምታታት የተጀመረው ይህ ምክንያት ከተረሳ በኋላ ነው።

ከሁሉም ምርመራዎች ጎልቶ የሚታየው በሪቻርድ ኒክሰን ላይ የተደረገው ነው፤ ሁለቱም ወገኖች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት እሱን ነው። ኦክቶበር 20 ቀን 1973፣ ቅዳሜ ማታ፣ ኒክሰን የዋተርጌትን ጉዳይ የሚመረምረው ልዩ ዐቃቤ ሕግ አርቺባልድ ኮክስ እንዲባረር አዘዙ። ዋናው ዐቃቤ ሕግ ኤሊየት ሪቻርድሰን ትእዛዙን አልፈጽምም ብለው ሥራቸውን ለቀቁ፤ ምክትላቸው ዊልያም ራክልስሃውስም እንዲሁ ከሥራ ወጡ። የኮንግረስ ቢሮዎች በቴሌግራም ተጥለቀለቁ። በቀጣዮቹ ቀናት የክስ ሐሳቦች ተራ በተራ ቀረቡ፤ አፈ ጉባዔው ካርል አልበርት ሁሉንም ወደ ፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴ መሯቸው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር የኒው ጀርሲው ፒተር ሮዲኖ ሥራውን ጀመሩ። በዲሴምበር ጆን ዶር የምርመራው ዋና ጠበቃ ሆኖ ተቀጠረ። የዶር ቡድን ወጣት ጠበቆች፣ ሂላሪ ሮድሃም የምትባለው የኋላዋ የፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ባለቤት ጭምር፣ ከካፒቶል አጠገብ ባለ አንድ የድሮ ሆቴል ውስጥ ተቀምጠው እያንዳንዱን ማስረጃ በካርድ ላይ እየገለበጡ ይደረድሩ ነበር። ኮምፒውተር በየጠረጴዛው ባልነበረበት ዘመን ማን፣ መቼ፣ ምን አለ የሚለውን የሚያገናኙት እነዚያ ካርዶች ነበሩ።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ሙሉው ምክር ቤት ምርመራውን የሚከፍት ውሳኔ ገና አላሳለፈም ነበር። ውሳኔው የመጣው ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1974 ነው፤ 410 ለ4 በሆነ ድምፅ። ሮዲኖ በዚያ ቀን ሲናገሩ እንዲህ ያለ ውሳኔ ምክር ቤቱ ሁልጊዜ ያሳልፍ እንደነበረ፣ ግዴታቸውን ለመወጣትም አስፈላጊ እርምጃ መሆኑን ገለጹ። ድምፅ ያስፈልጋል የሚሉ ሰዎች ይህን ቃል አጥብቀው ይይዙታል። አያስፈልግም የሚሉት ደግሞ ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ የነበሩትን ወራት ይጠቁማሉ። ትክክለኛው ንባብ በውሳኔው ይዘት ውስጥ አለ። ውሳኔው ለኮሚቴው የሰጠው ዋና ነገር መጥሪያ የማውጣት ሥልጣን ነበር፤ ያውም ሊቀ መንበሩና በኮሚቴው ያለው የአናሳው ፓርቲ ቀዳሚ አባል በጋራ፣ ወይም አንዳቸው ፈቃደኛ ካልሆኑ ሌላው በኮሚቴው ዳኝነት ሥር ሆኖ እንዲጠቀሙበት። ሮዲኖ የፈለጉት ፍርድ ቤት ፊት የማይናወጥ መሣሪያ ነበር፤ አገኙትም። ድምፁን የሰጡት ሪፐብሊካኖች ብዛት ደግሞ የኒክሰን ጠበቆች ምርመራውን የአንድ ወገን ሴራ ነው እንዳይሉ አፋቸውን ዘጋ።

መሣሪያው ወዲያው ሥራ ላይ ዋለ። ኮሚቴው በአፕሪል የኒክሰንን የቴፕ ቅጂዎች በ33 ለ3 ድምፅ በመጥሪያ ጠየቀ፤ ኒክሰን ቴፑን ትተው የታረመ ጽሑፍ ላኩ። ጁላይ 24 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮክስን ለተካው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ቴፖቹ እንዲሰጡት በአንድ ድምፅ ወሰነ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ኮሚቴው ፍትሕን ማደናቀፍ የሚለውን የመጀመሪያ ክስ በ27 ለ11 አጸደቀ፤ ሥልጣንን ያለአግባብ መጠቀም የሚለው ተከተለ፤ ሦስተኛውና በ21 ለ17 ያለፈው ክስ ፕሬዚዳንቱ የኮሚቴውን መጥሪያ አላከበሩም የሚል ነበር። ኦገስት 9 ኒክሰን ሥልጣን ለቀቁ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ለውጥ በጋዜጣ ብዙም አልተወራለትም፤ ለክርክሩ ግን ከኒክሰን መውደቅ ያልተናነሰ ክብደት አለው። ምክር ቤቱ በ1974 ባጸደቀው ማሻሻያ፣ ከ1975 ጀምሮ ቋሚ ኮሚቴዎች በሙሉ በራሳቸው መጥሪያ የማውጣት ሥልጣን አገኙ። ለአንድ መቶ ዓመት ሙሉው ምክር ቤት ድምፅ እንዲሰጥ ያስገድድ የነበረው ተግባራዊ ምክንያት በዚህ ተነሣ። ፍሬው በ1980ዎቹ ታየ። ሦስት የፌዴራል ዳኞች፣ ሃሪ ክሌይቦርን በ1986፣ አልሲ ሄስቲንግስ በ1988፣ ዋልተር ኒክሰን በ1989፣ ሙሉው ምክር ቤት ምርመራውን የሚከፍት ውሳኔ ሳያሳልፍ በኮሚቴ ተመርምረው ተከሰሱ፤ ሴኔትም ሦስቱንም ከሥልጣን አነሣ። ክሳቸው በምክር ቤቱ ያለፈው በ406 ለ0፣ በ413 ለ3 እና በ417 ለ0 ነበር፤ ምርመራው ሕገ ወጥ ነው ብሎ የተቃወመው ድምፅ ቢኖር ኖሮ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ይታይ ነበር። ከሦስቱ ሄስቲንግስ ከፍሎሪዳ ተመርጠው በ1993 ራሳቸው የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኑ፤ በ2021 እስከ ሞቱበት ቀንም በዚያው አገለገሉ።

ዋልተር ኒክሰን ከሥልጣን የተነሣሁበት ሥርዓት ትክክል አይደለም፣ ምስክር የሰማው ሙሉው ሴኔት ሳይሆን ኮሚቴ ነው ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ። በ1993 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ ዳኛ የሚገባበት አይደለም አለ፤ ሕገ መንግሥቱ የመዳኘቱን ሥልጣን ለሴኔት ብቻ ሰጥቷል፣ እንዴት እንደሚዳኝ የሚወስነውም ሴኔት ነው። ያው ብቻ የሚለው ቃል ለተወካዮች ምክር ቤትም በክሱ ላይ ተጽፏል።

በ1998 ገለልተኛ ዐቃቤ ሕጉ ኬኔት ስታር በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ላይ ያዘጋጁትን ሪፖርት ለኮንግረስ ሲያቀርቡ የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴ መጥሪያ ለማውጣት የማንንም ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር። ሆኖም ሊቀ መንበሩ ሄንሪ ሃይድ የሮዲኖን ፈለግ መረጡ። ኦክቶበር 8 ቀን ምክር ቤቱ ምርመራውን በ258 ለ176 ፈቀደ፤ 31 ዴሞክራቶች ከሪፐብሊካኖቹ ጋር ድምፅ ሰጡ። ሁለት ፕሬዚዳንቶች፣ ሪቻርድ ኒክሰንና ክሊንተን፣ በድምፅ በተከፈተ ምርመራ ውስጥ ማለፋቸው በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ድምፁን እንደ ሕግ አተመው።

በሴፕቴምበር 24 ቀን 2019 አፈ ጉባዔ ናንሲ ፔሎሲ ሰንደቅ ዓላማ ከኋላቸው አቁመው፣ ምክር ቤቱ በፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ላይ ይፋዊ ምርመራ መጀመሩን አስታወቁ። ድምፅ አልተሰጠም። ፕሬዚዳንቱ ከዩክሬኑ መሪ ጋር በጁላይ ያደረጉት የስልክ ንግግር ነበር መነሻው። ኮሚቴዎቹ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ለዋይት ሐውስ መጥሪያ ላኩ። ኦክቶበር 8 ቀን የዋይት ሐውስ ጠበቃ ፓት ሲፖሎኔ በጻፉት ስምንት ገጽ ደብዳቤ ምርመራው ከሕገ መንግሥቱ ውጪ ነው፣ ሙሉው ምክር ቤት አልፈቀደውም፣ አስፈጻሚው አካልም አይተባበርም አሉ። ፔሎሲ በሳምንቱ ዴሞክራቶችን ሰብስበው ከተነጋገሩ በኋላም ድምፅ ለጊዜው አይኖርም ብለው ጸኑ። ትራምፕ ካሸነፉባቸው ወረዳዎች የመጡ ዴሞክራቶች ስማቸው በመዝገብ ላይ እንዲሰፍር አለመቸኮላቸው በካፒቶል የታወቀ ነበር። ይህ ፍርሃት ሕገ መንግሥታዊውን ጥያቄ አይለውጠውም፤ ድምፁ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ግን ያሳያል። እንደራሴ በስሙ ድምፅ ሲሰጥ ለመራጩ መልስ የሚሰጥበትን ነገር ይፈርማል፤ በአፈ ጉባዔው መግለጫ ጥላ ሥር ሲሆን ግን አይፈርምም።

የመጀመሪያው የፍርድ ቤት መልስ ኦክቶበር 25 ወጣ። የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴው በዋሽንግተን የፌዴራል ፍርድ ቤት ከልዩ መርማሪው ሮበርት ሙለር ሪፖርት ውስጥ የተሸፈኑትን የግራንድ ጁሪ ቃሎች ጠይቆ ነበር። ዋና ዳኛዋ ቤሪል ሃወል ሲወስኑ፣ ሙሉው ምክር ቤት ድምፅ መስጠት አለበት የሚለውን መከራከሪያ አልተቀበሉትም። በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም፤ በምክር ቤቱ ደንብ ውስጥም የለም፤ የ1980ዎቹ ዳኞች ያለ እንዲህ ያለ ድምፅ ተከሰዋል፤ ፍርድ ቤትም በሕግ የሌለ ቅድመ ሁኔታ በምክር ቤቱ ላይ አይጭንም የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 31፣ ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጠ። ፔሎሲ ራሳቸው ከመድረኩ ሆነው ውጤቱን አነበቡ፤ 232 ለ196። ከሪፐብሊካኖች አንድም አልደገፈም፤ ሁለት ዴሞክራቶች ተቃወሙ። ውሳኔው የቀደመውን ሥራ አላፈረሰም፤ የተጀመረው ምርመራ እንዲቀጥል አዘዘ እንጂ።

ዲሴምበር 18 ትራምፕ ተከሰሱ። ሁለተኛው ክስ የኮንግረስን ሥራ ማደናቀፍ የሚል ሲሆን መሠረቱ ያልተከበሩት መጥሪያዎች ነበሩ። ጥያቄው ወደ ሴኔት አዳራሽ የገባው በዚህ በር ነው። ጃንዋሪ 19 ቀን 2020 የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪ ቢሮ ኃላፊ ስቲቨን ኤንግል ረጅም አስተያየት አወጡ። የመክሰስ ሥልጣን የምክር ቤቱ እንጂ የኮሚቴ አይደለም፤ ኮሚቴ ያለው የተሰጠው ብቻ ነው፤ ደንቡ ለኮሚቴዎቹ ለክስ የመመርመር ሥልጣን በስም አልሰጣቸውም፤ ስለዚህ ከኦክቶበር 31 በፊት ለኢምፒችመንት ተብለው የወጡት መጥሪያዎች አይጸኑም አሉ። ከትራምፕ ጠበቆች አንዱ ፓትሪክ ፊልቢን ይህንኑ ለሴናተሮቹ ደገሙት። ይህ የኤንግል ክርክር ከሲፖሎኔ ደብዳቤ ይልቅ ጥንቃቄ አለው፤ ዋናው ትኩረቱ ኮሚቴ ከምክር ቤቱ ምን ተቀበለ የሚለው ነው። ደካማው ጎኑም እዚያው ነው። ለኮሚቴ ምን ሥልጣን እንደሰጠ የሚወስነው ምክር ቤቱ ራሱ ነው፤ ደንቡን የሚተረጉምለት ምርመራ የሚደረግበት ወገን ከሆነ፣ የመክሰስ ሥልጣን በምክር ቤቱ እጅ ብቻ ነው የሚለው አንቀጽ ትርጉም ያጣል። ሴኔት ፌብሩዋሪ 5 ትራምፕን ነጻ አወጣ።

ሁለተኛው የትራምፕ ክስ ይህን ሁሉ ክርክር በአጭሩ አለፈው። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ካፒቶል ተወረረ፤ ጃንዋሪ 13 ምክር ቤቱ ያለ ምንም ምርመራ፣ ያለ ኮሚቴ፣ በ232 ለ197 ከሰሳቸው። አሥር ሪፐብሊካኖች ደገፉ። የብላውንት መንገድ ከ224 ዓመት በኋላ ተመለሰ።

ከዚያ ወንበሩ ተገለበጠ። በ2019 ያለ ድምፅ የተጀመረውን ምርመራ ሲያወግዙ የነበሩት ኬቨን ማካርቲ በ2023 አፈ ጉባዔ ሆነው ነበር። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ በፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ላይ ምርመራ ቢከፈት በሙሉው ምክር ቤት ድምፅ ይሆናል አሉ፤ ሴፕቴምበር 12 ግን በራሳቸው መግለጫ ከፈቱት። የሚመሩት ብልጫ ቀጭን ስለነበር ድምፁን የማሸነፍ ዋስትና አልነበራቸውም። በኖቬምበር ዋይት ሐውስ ለኮሚቴዎቹ መልስ ሲጽፍ የያዘው መከራከሪያ የትራምፕ ዘመኑን የኤንግልን አስተያየት ነበር። አዲሱ አፈ ጉባዔ ማይክ ጆንሰን ይህን በር ለመዝጋት ዲሴምበር 13 ድምፅ አሰጡ፤ 221 ለ212። የባይደን ልጅ ሃንተር በኖቬምበር የደረሰው መጥሪያ ከድምፁ በፊት የወጣ ነው ብለው ጠበቆቹ ሲሞግቱ ኮሚቴዎቹ አዲስ መጥሪያ ለማውጣት ተዘጋጁ፤ እሱም በፌብሩዋሪ 2024 ቀርቦ ቃሉን ሰጠ። በዚያው ወር የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ አሌሃንድሮ ማዮርካስ በ214 ለ213 ተከሰሱ፤ ሴኔትም በአፕሪል ጉዳዩን ሳያይ ዘጋው።

በባይደን ላይ የተደረገው ምርመራ ኦገስት 19 ቀን 2024 ረጅም ሪፖርት አወጣ፤ ምክር ቤቱ ግን በክስ ላይ ድምፅ ሳይሰጥ የፕሬዚዳንቱ ዘመን አለቀ። በ2019 ስለ ግራንድ ጁሪ ቃሎች የተሰጠውን የሃወልን ውሳኔ ያጸናው የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርድም አልቆየም። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለመስማት ተቀብሎ ሳለ ትራምፕ ሥልጣን ለቀቁ፣ ኮሚቴውም ሰነዱን መፈለጉን ተወ፤ በጁላይ 2021 ፍርዱ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ተሻረ። ስለዚህ ምርመራ ለመክፈት የሙሉው ምክር ቤት ድምፅ ግዴታ መሆን አለመሆኑን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች እስከ ዛሬ አልወሰኑም፤ የምክር ቤቱ ደንብም ግዴታ ነው የሚል ቃል የለውም።